የሶፍትዌር መግለጫና አንባቢው፤ ከኤድሳክ እስከ ሰው ሠራሽ ወኪል

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው ብሂል የጽሑፍን ጥቅም በአጭሩ ያስረዳል። ይሁን እንጂ የተጻፈ ሁሉ ይወረሳል ማለት አይደለም። ወራሹ ጽሑፉን አንብቦ እንደ ጸሐፊው አሳብ ሊሠራበት ካልቻለ፣ ወይም ጸሐፊው «ይህንማ ማንም ያውቀዋል» ብሎ የተወው ነገር ለወራሹ እንግዳ ከሆነበት፣ ጽሑፉ ከመረሳት አይድንም፤ አንዳንድ ጊዜም ከመረሳት የከፋ ጉዳት ያደርሳል። የኮምፒዩተር ሙያ ታሪክ ለዚህ በቂ ማስረጃ ይዟል።

ለኮምፒዩተር የሚዘጋጅ ማናቸውም የሥራ መሣሪያ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ፕሮግራሙ ራሱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ፕሮግራሙ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚመልስ የሚያስረዳው መግለጫ ነው። የፕሮግራሙ ታሪክ በየጊዜው ሲወሳ የመግለጫው ታሪክ ግን እምብዛም ሲነሣ አይሰማም። ዛሬ ይህ ታሪክ ሊነሣ የሚገባው፣ መግለጫውን አንብቦ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ብቻ መሆኑ ስለ ቀረ ነው። «ወኪል» የሚል ስም የተሰጣቸው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች የሌሎችን ፕሮግራሞች መግለጫ እያነበቡ፣ የሚስማማቸውን እየመረጡ፣ በሰው ስም ሥራ መሥራት ጀምረዋል። እንግዲህ ጥያቄው፣ ለሰው ሲጻፍ የኖረው መግለጫ ለዚህ አዲስ አንባቢ ይበቃል ወይ የሚል ነው። መልሱን ለማግኘት ነገሩን ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአንድ ጣሪያ ሥር

የፕሮግራም መግለጫ ከፕሮግራሙ መኪና ቀድሞ ተወለደ ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ «አናሊቲካል ኤንጅን» ብሎ የሰየመው የስሌት መኪና ተሠርቶ አልተጠናቀቀም። ይሁን እንጂ ኢጣሊያዊው ሉዊጂ ሜናብሬያ ስለ መኪናው በ1842 በፈረንሳይኛ ያሳተመውን ጽሑፍ ኤዳ ላቭሌስ በ1843 ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው፤ ከዋናው ጽሑፍ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ማብራሪያም ጨመረችበት። በመጨረሻው ማብራሪያ ላይ የበርኑሊ ቁጥሮች የሚባሉትን ለማስላት መኪናው በቅደም ተከተል የሚፈጽማቸው ተግባሮች በሠንጠረዥ ተዘርዝረው ይገኛሉ። መኪናው ከራሱ አሳብ የሚያመነጭ ሳይሆን እንዲሠራ የታዘዘውን ብቻ የሚሠራ መሆኑንም ገልጻለች። መኪናውን በዓይኑ ያላየ አንባቢ አሠራሩን ከጽሑፍ ብቻ ሊረዳው እንዲችል የተደረገ የመጀመሪያው ታላቅ ሙከራ ይህ ነበር።

በሥራ ላይ ለዋለ ኮምፒዩተር የተዘጋጀ መግለጫ በሰፊው መታየት የጀመረው ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያ የተሠራው ኤድሳክ የተባለው ኮምፒዩተር ሜይ 6 ቀን 1949 የመጀመሪያ ፕሮግራሙን አከናወነ። ሞሪስ ዊልክስና ባልደረቦቹ ብዙ ሳይቆዩ አንድ ነገር ተገነዘቡ። ይኸውም እያንዳንዱ ሰው የካሬ ሥር ማውጫውንና የቁጥር ማተሚያውን ፕሮግራም እንደገና ከመጻፍ ይልቅ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ቢጠቀምበት ድካም ይቀንሳል፣ ስሕተትም ያንሳል የሚል ነበር። በዚህ ምክንያት ንዑስ ፕሮግራሞች በቀዳዳ ወረቀት ላይ ተመዝግበው የሚቀመጡበት ቤተ መጻሕፍት ተቋቋመ። በ1951 ዊልክስ፣ ዴቪድ ዊለርና ስታንሊ ጊል ስለ ፕሮግራም አዘገጃጀት ያሳተሙት መጽሐፍ የእነዚህን ንዑስ ፕሮግራሞች መግለጫ በዝርዝር ይዞ ወጣ።

ከሦስቱ ደራሲዎች አንዱ የሆነው ዊለር በ1952 ስለ ንዑስ ፕሮግራም አጠቃቀም ባቀረበው አጭር ጽሑፍ ዛሬም ድረስ የጸና ቁም ነገር ተናግሯል። ፕሮግራሙ ተጽፎና ተፈትሾ ካለቀ በኋላ፣ ውስጡን የማያውቅ ሰው በቀላሉ ሊሠራበት የሚችል መግለጫ የመጻፍ ከባድ ሥራ ገና ይቀራል፤ ይህም ከሥራው ሁሉ አስቸጋሪው ሊሆን ይችላል አለ። ለአጠቃቀም ቀላል መሆንን፣ የፕሮግራሙን ትክክለኛነትና የመግለጫውን ትክክለኛነት እኩል አሰልፎ መቁጠሩም ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ሆኖም የኤድሳክ ተጠቃሚ ሌላም ረዳት እንደነበረው መዘንጋት የለበትም። ጸሐፊውና አንባቢው በአንድ ጣሪያ ሥር ይሠሩ ነበር። መግለጫው ያላብራራውን ነገር በሻይ ሰዓት ጠይቆ መረዳት ይቻል ነበር። በሌላ አነጋገር መግለጫው ጎደሎ ቢሆን ጉርብትናው ይሞላው ነበር።

የማይታወቅ አንባቢ

ኮምፒዩተር የንግድ ዕቃ ሆኖ በየአገሩ ሲሸጥ ይህ ጉርብትና ቀረ። አይ.ቢ.ኤም. ለ704 ኮምፒዩተሩ ያዘጋጀው የፎርትራን ቋንቋ መመሪያ በኦክቶበር 1956 ታትሞ ሲወጣ፣ ቋንቋውን ወደ መኪናው ቋንቋ የሚመልሰው ፕሮግራም ገና ለደንበኞች አልደረሰም ነበር፤ የደረሰው በ1957 ነው። ሃምሳ ገጽ ያህል የነበረው ይህ መመሪያ የሚነበበው ከአዘጋጆቹ ጋር ተገናኝተው በማያውቁ መሐንዲሶችና የሂሳብ ሊቃውንት ነበር። ስለዚህም አንባቢው ሊጠይቀው የሚችለውን ጥያቄ ጸሐፊው አስቀድሞ መጠየቅና መመለስ ግዴታው ሆነ።

ኤፕሪል 7 ቀን 1964 ይፋ የሆነው ሲስተም 360 ደግሞ ጉዳዩን ወደ ላቀ ደረጃ አደረሰው። በዋጋና በፍጥነት የተለያዩ በርካታ ኮምፒዩተሮች አንድ ዓይነት ፕሮግራም እንዲያሠሩ ስለ ተፈለገ፣ የሁሉም መለኪያ የሆነው አንድ የተወሰነ መኪና ሳይሆን የአሠራር መርሆውን የያዘው መጽሐፍ ሆነ። መኪናና መጽሐፍ ባይስማሙ የሚታረመው መኪናው ነው ማለት ነው። የሥራው መሪ የነበረው ፍሬድሪክ ብሩክስ በ1975 ባሳተመው ስለ ሶፍትዌር ሥራ አመራር በሚናገር መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ እንዲህ ያለ መመሪያ ተጠቃሚው የሚያየውን ሁሉ መግለጽ፣ የማያየውን ደግሞ ከመግለጽ መቆጠብ አለበት። ያልተወሰነው ነገርም «አልተወሰነም» ተብሎ በግልጽ መጻፍ ይገባዋል፤ ካልተጻፈ ተጠቃሚው በአጋጣሚ ያየውን ውጤት እንደ ሕግ ይዞት ይቀራል።

ብሩክስ ሌላም ስሌት ትቶ አልፏል። አንድ ሰው ለራሱ የጻፈውን ፕሮግራም ማንም ሊሠራበት፣ ሊያርመውና ሊያሻሽለው ወደሚችል ምርት ለመለወጥ፣ ፕሮግራሙን ለመጻፍ ከወጣው ድካም ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይጠይቃል የሚል ነው። መግለጫው የዚህ ድካም አንድ ትልቅ ክፍል ነው። ይህን ወጪ በበጀቱ ያላስገባ ሥራ አስኪያጅ ወጪው የቀረለት ይመስለዋል እንጂ በተጠቃሚዎቹ ላይ ያከፋፍለዋል።

ጉድለቱን የሚናዘዝ መግለጫ

በዚያው ዘመን በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪዎች ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት ይሠሩ ነበር። የዚህ ሥርዓት የመጀመሪያ መመሪያ ኖቬምበር 3 ቀን 1971 የሚል ቀን ይዞ ወጣ። የመመሪያው አሠራር ያልተለመደ ነበር። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው አጭር መግለጫ ተሰጠው፤ ስሙ፣ የአጻጻፉ ሥርዓት፣ የሥራው ማብራሪያ፣ የሚነካቸው ፋይሎች፣ ተዛማጅ ትእዛዞች፣ የሚሰጣቸው የስሕተት መልእክቶች፣ ከዚያም የታወቁ ጉድለቶቹ፣ በመጨረሻም የባለቤቱ ስም በየተራ ተቀመጡ።

ከእነዚህ ሁሉ ሁለቱ ልዩ ትኩረት ይገባቸዋል። አንደኛው የጉድለት ርእስ ነው። አንድ የሙያ ሰው የሥራውን እንከን በራሱ እጅ ጽፎ በይፋ ማውጣቱ በንግዱ ዓለም ያልተለመደ ነበር። ነገር ግን እንከኑን ያወቀ ተጠቃሚ ይጠነቀቅበታል፤ ያላወቀው ይወድቅበታል። ሁለተኛው የባለቤቱ ስም ነው። መግለጫው ባይበቃ የሚጠየቅ ሰው እንዳለ ያመለክታል፤ ኃላፊነቱም የማን እንደሆነ ይታወቃል።

በ1973 በዳግላስ ማክልሮይ አሳቢነት የአንድ ፕሮግራም ውጤት በቀጥታ ለሌላ ፕሮግራም ግብአት የሚሆንበት ዘዴ በዩኒክስ ላይ ተጨመረ። ከዚህ የተነሣ ፕሮግራሞች ሥራቸው ሲሳካ ያለ አስፈላጊ ነገር እንዳይናገሩ የሚል ልማድ ጠነከረ፤ ትርፍ ቃል የሚቀጥለውን ፕሮግራም ያሰናክላልና። ዝምታ የመሳካት ምልክት ሆነ። ይህ ልማድ ለአዲሱ አንባቢ እንዴት እንደማይስማማው ወደ በኋላ ይታያል።

በ1972 ደግሞ ዴቪድ ፓርናስ ስለ ፕሮግራም ክፍሎች መግለጫ ባሳተመው ጥናት አንድ ጥብቅ ደንብ አቀረበ። መግለጫው ለተጠቃሚው በትክክል ለመሥራት የሚያስፈልገውን ሁሉ ይስጠው፤ ከዚያ የበለጠ ግን አይስጠው የሚል ነው። የውስጡን አሠራር ያወቀ ተጠቃሚ በውስጡ ስለሚተማመን፣ ውስጡ በተለወጠ ቀን ሥራው ይፈርስበታል። በ1984 ዶናልድ ክኑዝ በበኩሉ ፕሮግራም በመጀመሪያ ለሰው እንዲነበብ ሆኖ መጻፍ እንዳለበት፣ ማብራሪያውና ትእዛዙም በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ጎን ለጎን መኖር እንዳለባቸው አስተማረ። ሁለቱ ሊቃውንት መንገዳቸው ቢለያይም መግለጫ ከሥራው በኋላ የሚለጠፍ ጌጥ ሳይሆን የሥራው አካል መሆኑን በአንድነት መስክረዋል።

54 ቁጥር

መግለጫ ሲጎድል ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከቴራክ-25 ታሪክ ይበልጥ የሚያሳይ ጥቂት ነው። ቴራክ-25 በካናዳ የተሠራ፣ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የካንሰር የጨረር ሕክምና መሣሪያ ነበር። በአሜሪካና በካናዳ 11 መሣሪያዎች ተተክለው ሳለ ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ ስድስት ሕመምተኞች ከታዘዘላቸው እጅግ የበዛ ጨረር ተቀበሉ፤ ከእነዚህም ሕይወታቸው ያለፈ አሉ። ናንሲ ሌቭሰንና ክላርክ ተርነር በ1993 ባሳተሙት ምርመራ ምክንያቶቹ ብዙ እንደነበሩ ዘርዝረዋል። የፕሮግራሙ ስሕተት፣ ከቀደሙት መሣሪያዎች ላይ የነበረው በአካል የሚቆልፍ መከላከያ መነሣቱና በሶፍትዌሩ ላይ የተጣለው ከመጠን ያለፈ እምነት ከእነዚህ ዋና ዋናዎቹ ናቸው።

ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ግን አንድ ነገር ነው። በ1986 በቴክሳስ በደረሱት ሁለት አደጋዎች ጊዜ መሣሪያው በመስኮቱ ላይ «ብልሽት 54» የሚል መልእክት ብቻ አሳየ። የኦፕሬተሯ መመሪያ መጽሐፍ ስለዚህ ቁጥር ትርጉም የሚናገረው አልነበረም። እንዲህ ያሉ መልእክቶች በየዕለቱ ብዙ ጊዜ ስለሚታዩና አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ስለማያስከትሉ፣ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ሥራን መቀጠል የተለመደ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ኦፕሬተሯ እንደ ልማዷ ቀጠለች። ይህን ያደረገችው ከቸልተኝነት አይደለም። መቀጠል አደገኛ መሆኑን የሚነግራት አንድ ቃል ስላልተጻፈላት ነው። ትርጉሙ ያልተገለጸ የስሕተት መልእክት ካለመኖሩ አይሻልም፤ አንባቢውን ንቆ ማለፍን ያስተምረዋልና።

በማሽን የሚነበብ መግለጫ

በ1990ዎቹ አጋማሽ ከጃቫ ቋንቋ ጋር የመጣው ጃቫዶክ የተባለ መሣሪያ ፕሮግራሙ ውስጥ ከተጻፉ ማስታወሻዎች የመመሪያ ገጾችን በራሱ ማውጣት ቻለ። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሞች በኢንተርኔት አማካይነት እርስ በርስ መጠራራት ሲጀምሩ የመግለጫው ቅርጽ ራሱ በማሽን የሚነበብ እንዲሆን ተፈለገ። በ2011 ስዋገር የተባለው የአገላለጽ ሥርዓት ወጣ፤ በ2015 ሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ወደ ተቋቋመ ማኅበር ተላልፎ ከ2016 ጀምሮ ኦፕንኤፒአይ በሚል ስም ይታወቃል። በዚህ ሥርዓት አንድ አገልግሎት የትኞቹን ጥሪዎች እንደሚቀበል፣ እያንዳንዱ ጥሪ ምን ዓይነት ቁጥር ወይም ፊደል እንደሚፈልግና ምን እንደሚመልስ በተወሰነ ቅርጽ ይጻፋል።

ይህ ታላቅ እርምጃ ቢሆንም ወሰን ነበረው። ማሽኑ ሊመረምረው የሚችለው ቅርጹን እንጂ ትርጉሙን አልነበረም። «ይህ ቦታ ቁጥር ይፈልጋል» የሚለው በማሽን ይረጋገጣል፤ ቁጥሩ ብር ይሁን ሳንቲም፣ ኪሎ ይሁን ኩንታል ግን ለሰው በተተወው የማብራሪያ መስመር ላይ የሚጻፍ ነበር። ያ መስመር ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዶ ይቀራል፤ ወይም የጥሪውን ስም መልሶ ከመድገም በቀር ምንም አይናገርም። ፕሮግራሙን የሚያገናኘው የሙያ ሰው ግን አእምሮ ስላለው ይጠይቃል፣ ይሞክራል፣ ባልደረባውን ያማክራል፤ ጉድለቱም በዚህ መንገድ ለዓመታት ተሸፍኖ ኖረ።

አዲሱ አንባቢ

በ2022 መጨረሻ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲና የጉግል ተመራማሪዎች የቋንቋ ሞዴል ማሰላሰልንና ድርጊትን እያፈራረቀ በውጭ ያለ መሣሪያ ሊጠቀም እንደሚችል አሳዩ። በጁን 2023 ኦፕንኤአይ ሞዴሎቹ የተገለጹላቸውን ተግባሮች መርጠው እንዲጠሩ የሚያስችል ዘዴ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች አቀረበ። በኖቬምበር 2024 ደግሞ አንትሮፒክ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተባለውን፣ ማናቸውም መሣሪያ ለማናቸውም ወኪል ራሱን የሚያስተዋውቅበትን የጋራ ሥርዓት ይፋ አደረገ። በእነዚህ ሥርዓቶች ሁሉ መሣሪያው ለወኪሉ የሚቀርበው በሦስት ነገር ነው፤ በስሙ፣ በተራ ቋንቋ በተጻፈ ማብራሪያውና በሚቀበለው ግብአት ቅርጽ። ለዓመታት ባዶ ሲተው የነበረው የማብራሪያ መስመር አሁን ሥራውን የሚመራ ዋና ቃል ሆነ።

ይህ አንባቢ ከሰው የሚለይባቸው ጠባዮች አሉት። ከሁሉ በፊት፣ ያልተነገረውን ከመጠየቅ ይልቅ በግምት መሙላት ይቀናዋል። በ2023 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ የተደረገ ጥናት የቋንቋ ሞዴሎች ጨርሶ የሌሉ ጥሪዎችን እየፈጠሩ እንደሚጽፉ፣ ትክክለኛው መግለጫ በሥራው ጊዜ ሲቀርብላቸው ግን ይህ ጥፋት እንደሚቀንስ አሳይቷል። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚባለው ጠባይ በሰው ዘንድ የሚያስነቅፍ ነው፤ በወኪል ላይ ሲታይ ግን የመረጃ ጉድለት ምልክትም ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የሚመረመረው መግለጫው ነው።

ሌላው ጠባይ የማስተዋል አቅሙ የተወሰነ መሆኑ ነው። በ2024 የፕሪንስተን ተመራማሪዎች የፕሮግራም ስሕተት የሚያርም ወኪል ሠርተው 300 በሚሆኑ እውነተኛ የጥገና ጥያቄዎች ላይ ፈተኑት። ፋይሉን በ100 መስመር እየከፈለ የሚያሳይ መሣሪያ ሲሰጠው ከመቶ 18 ያህሉን ፈታ፤ ፋይሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲቀርብለት ግን ውጤቱ ወደ 12.7 ወረደ። 30 መስመር ብቻ ሲያይም 14.3 ላይ ቀረ። ከዚህ የምንረዳው ማብዛትም ማሳነስም እንደሚጎዳ፣ የፓርናስ የ1972 ደንብ ለአዲሱ አንባቢም እንደሚሠራ ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች አንድ ትእዛዝ ተሳክቶ ምንም የማይናገር ሲሆን «ትእዛዙ ተፈጽሟል፤ የሚታይ ውጤት የለውም» የሚል መልእክት እንዲሰጥ አደረጉ። ለዩኒክስ ባለሙያ የመሳካት ምልክት የነበረው ዝምታ ለወኪሉ ግራ የሚያጋባ ሆኖ ተገኝቷልና።

ሰምና ወርቅ የማይፈልግ ጽሑፍ

የአማርኛ ጸሐፊ በሰምና ወርቅ ያደገ ነው። በአንድ ቃል ሁለት ምስጢር መቋጠር የሊቅነት መለኪያ ሆኖ ኖሯል። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህርም «አንድም» እያለ ለአንድ ንባብ ብዙ ፍች ሲሰጥ ትምህርቱ ይሰፋል እንጂ የሚጎዳ ሰው የለም። የመሣሪያ መግለጫ ግን ሰሙና ወርቁ አንድ መሆን አለበት። ወኪሉ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ፍች የመረጠ እንደሆነ ምርጫው ወዲያው ድርጊት ይሆናል።

ለዚህ የአዲስ አበባን ጽሕፈት ቤት የሚያክል ምሳሌ አይገኝም። «ቀንና ሰዓት ተቀብሎ ቀጠሮ ይይዛል» የሚል መግለጫ ያለው መሣሪያ አለ እንበል። ጸሐፊዋ «5/1/2017፣ 3 ሰዓት» የሚል ወረቀት ቢደርሳት መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት መሆኑን ለመረዳት አትቸገርም። ወኪሉ ግን ይህንኑ ጽሑፍ ጃንዋሪ 5 ቀን 2017 ወይም ሜይ 1 ቀን 2017 ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ ትክክለኛው ቀን ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 15 ቀን 2024 ነው። 3 ሰዓቱንም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊያደርገው ይችላል። ሁሉም ቅርጻቸው የተስተካከለ ስለሆነ መሣሪያው አንዱንም አይመልሰውም። ስሕተቱ የሚታወቀው ባለጉዳዩ መጥቶ በሩ ተዘግቶ ሲያገኘው ነው። መግለጫው «ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በቀን፣ በወርና በዓመት ቅደም ተከተል ይጻፍ፤ ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ የሚቆጠር ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ከዚህ በመነሣት አንድ የመሣሪያ መግለጫ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች በጥቂቱ ሊዘረዘሩ ይችላሉ። መሣሪያው ምን ይሠራል፤ ምንስ አይሠራም? ከሚመስለው ከሌላው መሣሪያ በምን ይለያል፤ መቼስ ሌላውን መምረጥ ይሻላል? እያንዳንዱ ግብአት በምን መለኪያና በምን አቆጣጠር ይቀበላል፤ ሳይሰጥ ቢቀር ምን ይወሰዳል? ሲሳካ ምን ይላል፤ ሳይሳካ ሲቀርስ ምክንያቱንና ቀጥሎ ሊደረግ የሚገባውን ይናገራል ወይ? የሠራው ሥራ ሊመለስ ይችላል ወይ? መልስ ሳይመጣ ቢዘገይ ትእዛዙን መድገም ያለ ጉዳት ይቻላል ወይስ ክፍያው ሁለት ጊዜ ይፈጸማል? ከእነዚህ ጥያቄዎች አብዛኛዎቹ በ1952ም ሆነ በ1971 የሚታወቁ ነበሩ። አዲሱ ነገር ሳይመለሱ ቢቀሩ የሚሸፍናቸው ጎረቤት አለመኖሩ ነው።

የእምነት ወሰን

መግለጫ ሥልጣን ካገኘ ዘንድ ሥልጣኑን ለክፉ የሚያውለውም አይጠፋም። በ2025 የደኅንነት ተመራማሪዎች በመሣሪያ መግለጫ ውስጥ የተሰወረ ትእዛዝ በማስገባት ወኪሉን የባለቤቱን ምስጢር አሳልፎ እንዲሰጥ ማድረግ እንደሚቻል አሳይተዋል። ሰው መግለጫን ሲያነብ ማብራሪያውን ከትእዛዝ ይለያል፤ ለቋንቋ ሞዴል ግን ሁለቱም ከአንድ ወንዝ የተቀዱ ቃላት ናቸው። ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል በዚያው ዓመት በማርች ሲሻሻል መሣሪያዎች ማንበብ ብቻ የሚችሉ፣ የሚያጠፉ ወይም ቢደገሙ የማይጎዱ መሆናቸውን የሚያመለክቱ ምልክቶችን ጨምሯል። ነገር ግን ምልክቶቹ ከማይታመን ምንጭ ሲመጡ እንደ ዋስትና እንዳይቆጠሩ በዚያው አስጠንቅቋል። ስለዚህ ጥሩ መግለጫ የጥሩ ቁልፍን ቦታ ሊይዝ አይችልም። የቴራክ-25 ታሪክ ያስተማረው አንዱ ይህ ነው፤ ጥፋትን የሚከለክለው ነገር በቃል ብቻ ሳይሆን በመሣሪያውም ላይ መኖር አለበት። ሊመለስ የማይችል ሥራ ከመፈጸሙ በፊት የሰውን ፈቃድ የሚጠይቅ በር ያስፈልገዋል።

መደምደሚያ

ከላይ የታየው ታሪክ በአንድ መስመር ሊጠቃለል ይችላል። አንባቢው ከጸሐፊው በራቀ ቁጥር ሳይጻፍ የሚታለፈው ነገር እያነሰ መሄድ ነበረበት። በኬምብሪጅ አንባቢው በሚቀጥለው ክፍል ነበር፤ በሲስተም 360 ዘመን በሌላ አገር ሆነ፤ ዛሬ ሰው መሆኑም ቀርቷል። በየደረጃው የሙያው ሰዎች «ይህንማ ማንም ያውቀዋል» የሚሉት ነገር ማንም የማያውቀው ሆኖ ተገኝቷል።

ለወኪል ተብሎ በጥንቃቄ የተጻፈ መግለጫ ዛሬ ሥራ ለጀመረው ወጣት ባለሙያም፣ ከዓመታት በኋላ የራሱን ሥራ ረስቶ ለሚመለሰው ለጸሐፊውም ይጠቅማል። ዊለር ከሥራው ሁሉ አስቸጋሪው ሊሆን ይችላል ያለው ክፍል አሁንም አስቸጋሪ ነው፤ አሁንም በጀትና ጊዜ ይፈልጋል፤ አሁንም በመጨረሻው ቀን ሊሠራ አይችልም። ቶምፕሰንና ሪቺ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ የባለቤቱን ስም ሲያስቀምጡ አንባቢው የሚጠይቀው ሰው እንዲያገኝ አስበው ነበር። አዲሱ አንባቢ መጥቶ በር አያንኳኳም። የሚያደርሰው ጥፋት ግን የሰዎች ጥፋት ሆኖ ይቆጠራልና፣ መግለጫውን የጻፈው ባለሙያ ስሙ በገጹ ግርጌ እንዳለ አድርጎ ቢጽፍ ይገባዋል።